ሽፍታ ማን ነው? ሽፍታ ባዩስ?

(በቃል ከቀረበ የሕዝብ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

ክቡራትና ክቡራን፣ በዚህ ምሽት ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ንግግሬ ሽፍታ ስለሚለው ቃል ነው። ቃሉን የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ልጆች ሆነን ከሰፈር እንዳንርቅ ሲያስፈራሩን ሰምተነዋል፣ በሠርግ ቤት ቀረርቶ ሲወደስ ሰምተነዋል፣ በዜና ሲወገዝም ሰምተነዋል። አንድ ቃል ማስፈራሪያም፣ ውዳሴም፣ ውግዘትም የሚሆንበት ምክንያት ለብዙ ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። ባነበብሁ ቁጥር እየተረዳሁ የመጣሁት ደግሞ ቃሉ ስለተጠሪው ብቻ እንደማይናገር ነው። ስለጠሪውም፣ በሁለቱ መካከል ስላለው ነገርም ይናገራል።

ከአንድ ሐቅ ልነሣ። ከየካቲት 1847 እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ዙፋን ላይ የተፈራረቁት አራት ነገሥታት ቴዎድሮስ፣ ተክለ ጊዮርጊስ፣ ዮሐንስና ምኒልክ ናቸው። አራቱም ከመንገሣቸው በፊት በጊዜው ለነበረው ገዥ አልታዘዝም ብለው የወጡ ሰዎች ነበሩ። ካሣ ኃይሉ (ኋላ ቴዎድሮስ) በእቴጌ መነንና በራስ ዓሊ ላይ ተነሣ። ዋግሹም ጎበዜ (ኋላ ተክለ ጊዮርጊስ)፣ ካሣ ምርጫ (ኋላ ዮሐንስ) እና ምኒልክ ደግሞ በራሱ በቴዎድሮስ ላይ ተነሡ። ትናንት ቋራ ቆላ ሸፍቶ የነበረው ሰው መቅደላ ላይ ሆኖ ዙሪያውን ሲያይ፣ አገሩ ሁሉ ሸፍቶበት አገኘው። ከእነዚያ ሸፋቾች ሦስቱ ተራ በተራ ነገሡ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሕዝብ ሽፍታ ሲል ሌባ ማለቱ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል። ሸፈተ ማለት በመጀመሪያ ሰረቀ ወይም ዘረፈ ማለት አይደለም። አመፀ፣ ለገዥ አልገዛም አለ፣ ዱር ቤቴ ብሎ ወጣ ማለት ነው። ዝርፊያው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ዱር የገባ ሰው እርሻ የለውም፣ የታጠቀ ሰው ደግሞ አይራብም። «ልቡ ሸፈተ» የምንለውን አስቡት። ልቡ ከትዳሩ፣ ከትምህርቱ፣ ከአገሩ የወጣ ሰው ላይ እንናገረዋለን። ልቡ ሰረቀ ማለታችን እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። ይታዘዝለት ከነበረው ነገር ወጣ ማለታችን ነው። የቃሉ ሥር እዚያ ውስጥ ሳይነካ ተቀምጧል።

ሸፈተ ደግሞ ብቻውን አይቆምም፤ ጥንድ አለው። ጥንዱም «ገባ» ነው። «እገሌ ሸፍቶ ነበር፣ ኋላ ገባ» ይላሉ አባቶቻችን። ሸፈተ ላይ ወጥቷል፣ ገባ ላይ ተመልሷል። ይህ ጥንድ ቃል ከዚህ በታች ለምናገረው ሁሉ መሠረት ስለሆነ ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

ሰው እንዴት ይሸፍታል? «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር እንደ ቀልድ አትዩት። የፍርድ ሥርዓቱን ልክ ገልጾ ያስቀመጠ አነጋገር ነው። ርስቱን ሹም የነጠቀው ገበሬ አቤት የሚለው ለማን ነው? ዳኛው የሹሙ ሰው ነው፣ ከዳኛው በላይ ያለውም ሹሙን የሾመው ነው። ወንድሙ የተገደለበት ሰውም እንዲሁ ነው። ገዳዩ የባላባት ወገን ከሆነ ደሙ በፍርድ አይወጣለትም፣ ዝም ካለ ደግሞ በአገሩ ሰው ፊት ቀና ብሎ መሄድ አይችልም። በርስትና በሚስት ቀልድ የለም የሚባልበት አገር ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ሌሊት ጠመንጃውን፣ ዝናሩንና አንድ ሁለት ዘመዶቹን ይዞ ይወጣል። ያ መውጣት አቤቱታ ነው፤ በወረቀት ያልተጻፈ ክስ ነው።

የሚሄድበትንም ያውቃል። የዓባይ ሸለቆ፣ የተከዜ በረሃ፣ የአርማጭሆና የቋራ ቆላ የሽፍታ አገር የሆኑት እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም። የደጋ ጦር ወደ ቆላ መውረድ ይፈራል፤ ከጥይቱ ይልቅ ንዳዱ ይጨርሰዋልና። ወደ ምዕራብ ደግሞ የሱዳን ወሰን አለ። ጠመንጃና ጥይት በዚያ ይገባል፣ ነገር ሲጠብቅም በዚያ ይወጣል። ስንቁን ዘመድ ያቀብላል። መንግሥት ሽፍታውን ለማግኘት አውጫጭኝ ያስቀምጣል፤ አፈርሳታም የሚሉት አሉ። የአካባቢው ወንድ ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ድረስም ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። እርሻ ያድራል፣ ከብት ይጮኻል፣ ሰዉ ይራባል። እንዲያም ሆኖ ሽፍታው የወንድሙ ወይም የአበልጁ ልጅ ከሆነ አፉን የሚከፍት አይገኝም። ሌባ ቢሆን ኖሮ ግን እስከ ቀትር እንኳ ባልቆየ ነበር። ሕዝቡ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዝምታው ይናገር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ቀረርቶውን ብቻ ሰምቶ ሽፍታን ሁሉ ጀግና ማድረግ ግፍ ነው። የሲራራ ነጋዴ በነጋድራስ እየተመራ፣ ተጠራቅሞና ተጠባብቆ ይጓዝ የነበረው ሽፍታን ፈርቶ ነው። በሬው ተነድቶ የተወሰደበት ገበሬ፣ መንገድ ላይ የተደፈረች ሴት፣ ልጇ በጥይት የወደቀባት እናት የሽፍታውን በደል ሰምተው አይጽናኑም። ሽፍታው የተበደለ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የሚበድለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የበደለውን ሹም ሳይሆን መንገድ ላይ ያገኘውን ነው። በቀረርቶ ውስጥ የነዚህ ሰዎች ድምፅ የለም፣ መኖር ግን ነበረበት።

መመለሻውስ? መመለሻው ሽምግልና ነው። የአገር ሽማግሌ፣ መነኩሴ፣ ካህን በመካከል ይገባል። ሽፍታው በደሉን ይናገራል፣ መንግሥት ምሕረት ይሰጣል፣ ሽፍታው ይገባል። አገባቡም ሥርዓት አለው፤ የሸፈተ ሰው ሲገባ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ይህን የሚያደርገው ተራ ሰው ብቻ አልነበረም። በ1886 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ አዲስ አበባ መጥተው ለዐፄ ምኒልክ ሲገቡ ድንጋይ ተሸክመው ነበር። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ናቸው፣ የትግራይ ገዥ ናቸው፣ ድንጋዩ ግን አልቀረላቸውም። ንጉሡ ድንጋዩን አስወርደው ይቅር ይላሉ፣ የገባው ሰው ይነሣል። ከዚያ በኋላ ሹመት የሚያገኝም ብዙ ነበር፤ ሲዘርፈው የኖረውን መንገድ እንዲጠብቅ የሚሾም ሽፍታ ነበረ። ሹመት ፈልጎ የሚሸፍት ሰው የተገኘውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ቋራ ልመለስ። ስለ ካሣ ኃይሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔ የምፈልገው ግን ከንግሥናው በፊት ያለውን ሰው ነው። ቋራን ይገዙ የነበሩት ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ ሲሞቱ ግዛቱ ወደ እቴጌ መነን ዞረ። ካሣ ርስቴ የሚለው አገር ከእጁ ወጣ፣ እሱም ወደ ቆላ ወረደ። የዘረፈውን ለገበሬው ያካፍል፣ ማረሻ ግዙ ብሎም ገንዘብ ይሰጥ እንደነበር ይነገርለታል። በጎንደር ቤተ መንግሥት የነበሩት መኳንንት ግን የሚያዩት የኮሶ ሻጭ ልጅ ነበር። እናቱ በችግር ዘመናቸው ኮሶ ሸጠዋል ይባላልና። ደጃዝማች ወንድይራድ የተባሉት የእቴጌይቱ ጦር አዛዥ ያንን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣላችኋለሁ ብለው ፎክረው ዘመቱ። ተሸነፉና ተማረኩ። ካሣም ኮሶ አስጠጣቸው፤ እናቴ ዛሬ ገበያ ስላልቀናት ያልተሸጠ ኮሶዋን ይጠጡላት አለ ይላሉ ተራኪዎች። ኮሶ የጠጣ ሰው የአጠጣጡን ምሬት ያውቀዋል። እዚያ ድንኳን ውስጥ አንድ መኳንንት ሽፍታ ከሚለው ሰው እጅ ንቀቱን ራሱን ጠጣ።

ይኸው ሰው ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ከጫነ በኋላ የተነገረለት ሌላ ታሪክ አለ፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ እሱ ነው። ንጉሡ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ፣ ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ ብለው አዋጅ አስነገሩ። ይህን የሰሙ ቀማኞች መሣሪያቸውን እንደታጠቁ መጡና፣ ጃንሆይ፣ የኛ አባቶች ሥራ መንገድ ቆሞ መቀማት ነበር፣ እንደ አዋጅዎ እሱኑ ያጽኑልን አሉ። ንጉሡ እረሱ፣ በሬ እሰጣችኋለሁ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ በአዋጁ ቃል ጸንተው ቆሙ። በመጨረሻ ወታደር አዘዙባቸውና ተጨረሱ። እንግዲህ አስቡት። ራሱ ከቆላ የወጣ ንጉሥ፣ ዘራፊ ሆነው ከመጡት ጋር ሲገናኝ ዘመድነት አልተሰማውም። እሱ የሸፈተው ለተነጠቀ ርስትና ለዙፋን ነው፤ እነዚህ ቀማኞች እንጂ ሸፋቾች አልነበሩም። አማርኛችን ሽፍታ እና ቀማኛ ብሎ ሁለት ቃል የያዘው ይህን ልዩነት ስለሚያውቅ ነው።

ሦስተኛም ቃል አለ፤ ወንበዴ። ይህ ቃል ወደ ጆሯችን የሚገባው በአብዛኛው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። በርባን ወንበዴ ነበረ፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደውን ሰው ደብድበው የጣሉት ወንበዴዎች ናቸው፤ ከጌታ ጋር በቀኝና በግራ የተሰቀሉትም ወንበዶች ተብለዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በኃይል የሚፈጸምን ዝርፊያ ውንብድና ይለዋል። ወንበዴ ገዥ ስለበደለው አይወጣም፣ ምሕረት ጠይቆም አይገባም። ወንበዴ ሥራው ነው፣ ማንነቱ ነው። (በቀኝ የተሰቀለው ግን ገብቷል፤ ቤተ ክርስቲያን ፈያታዊ ዘየማን ብላ ከአዳም አስቀድሞ ገነት እንደገባ ታስተምራለች። እሱ ግን የሰማይ ምሕረት ነው።) ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

የጣሊያን ወረራ ዘመን እነዚህን ቃላት ሁሉ ገለባበጣቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በዱር በገደሉ የቆዩትን ሰዎች ጣሊያኖች ዓማፂና ሽፍታ ይሏቸው ነበር፤ ቃሉን ከእኛው ወስደው በኛው ላይ አዋሉት። ሕዝቡ ግን አርበኛ አላቸው። በተቃራኒው ባንዳ የሚለውን ቃል ተመልከቱ። በጣሊያንኛ የታጠቀ ቡድን ማለት ነው፤ ከአገሬው የመለመሏቸውን መደበኛ ያልሆኑ ጦረኞች በዚህ ስም ያደራጁ ነበር። ለጣሊያኑ መኮንን የመዝገብ ቃል ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ሆነ፤ ከሰማንያ ዓመት በኋላም ሰው ለመግደል የሚያበቃ ቃል ሆኖ ቀርቷል።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚያልፍ አንድ ሰው አለ፤ በላይ ዘለቀ። አባቱ የአካባቢው ሹም ባዘመተው ኃይል ተገደሉ፣ እሱም ሸፈተ። እንግዲህ ሽፍትነቱ ከላይ የተናገርሁት የቆየው ዓይነት ነው፤ ደምና ርስት። ጣሊያን ሲገባ ያው የዓባይ ሸለቆ፣ ያው ጠመንጃ፣ ያው ሰው የአርበኝነት ምሽግ ሆኑ። በምሥራቅ ጎጃም ጣሊያንን ያርበደበደ የጦር መሪ ሆነ፤ አባ ኮስትር ተባለ። ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ደጃዝማች ብለው ቢቸናን እንዲገዛ ሾሙት። እሱ ግን ዱር ላልወጡት፣ ለጠላት ላደሩትም ጭምር ከሱ የበለጠ ሹመት ሲሰጥ አየ። ቅሬታው ሰፋ፣ ማዕከላዊው መንግሥት ጦር ላከበት፣ እሱም ተዋጋ። ተያዘ፣ ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠለት፣ ከእስር አመለጠ፣ እንደገና ተያዘ። በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ።

ይህ ሰው ሽፍታ፣ አርበኛ፣ ደጃዝማች፣ እንደገና ሽፍታ፣ በመጨረሻም በሕዝብ ልብ ጀግና ተብሏል። ጠመንጃውም አገሩም አልተለወጡም። በየጊዜው የተለወጠው አዲስ አበባ ላይ የተቀመጠው ነው። እኔ ስለ በላይ ባሰብሁ ቁጥር አንጀቴን የሚበላኝ ስቅላቱ ብቻ አይደለም። ሽማግሌውና ድንጋዩ የት ሄዱ? የንጉሥ ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ ሲገባ ምሕረት ያገኘበት አገር፣ አምስት ዓመት ሙሉ ለነፃነቱ የተዋጋለትን ሰው ማስገባት ለምን አቃተው? እኔ እንደማምነው ዘመናዊው መንግሥት ከዘመናዊ ጦር፣ ከፖሊስና ከመንገድ ጋር አንድ ነገር አብሮ አመጣ፤ መደራደር ውርደት ነው የሚለውን ሐሳብ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን ብዬ ልለፍ። በ1935 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣው የወያኔ አመፅ መሪ ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ ቀድሞም የሸፈቱ ሰው ነበሩ፤ አመፁን ለመደምሰስ ከኤደን የተነሡ የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላኖች መቀሌን ደብድበዋል። በባሌ ዋቆ ጉቱ ለዓመታት ተዋግተው በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን ሲሰጡ ምሕረት ተደርጎላቸዋል፤ እዚህ ላይ የድሮው ሥርዓት ገና ትንፋሽ ነበረው። በጎጃም በ1960 ዓ.ም. ገበሬው አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ሲነሣ መንግሥት ከድብደባው በኋላ ውዝፉን ምሮታል። በኤርትራ ደግሞ ቀድሞ በሽፍትነት የታወቀው ሐሚድ እድሪስ ዓዋተ ነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. ዓዳል ተራራ ላይ ተኮሰ፤ ያቺ ተኩስ የሠላሳ ዓመት ጦርነት ከፈተች። አዲስ አበባ እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም ጠርታቸዋለች፤ ሽፍታ። የመሬት፣ የግብር፣ የአስተዳደር፣ የነፃነት ጥያቄ ሁሉ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ተቀመጠ።

ደርግ ሲመጣ ሽፍታ የሚለው ቃል አልበቃውም። ወንበዴ አለ። በዚያ ዘመን ያደግን ሰዎች ጠዋትና ማታ በሬዲዮ የምንሰማው ገንጣይ፣ አስገንጣይ፣ ወንበዴ የሚል ነበር። ልዩነቱ የስድብ ደረጃ እንዳይመስላችሁ። ሽፍታ ምሕረት ሊደረግለት ይችላል፤ ወንበዴ ግን የሚደመሰስ ነው። ገጠር ያሉ እናቶች ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ «ጫካ ገባ» ነበር የሚሉት። መንግሥት ወንበዴ ያለውን እናት በድሮው አማርኛ ትጠራው ነበር፤ ጫካ የገባ ሊወጣ ይችላልና። ወንበዴዎቹ ራሳቸውን ታጋይ ይሉ ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ይህ «ገባ» የድሮው ዓይነት አይደለም፤ ድንጋይ የተሸከመ አልነበረም።

ከዚያም አሸባሪ መጣ። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብር ሕግ ወጣ፤ በ2003 ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት ሰባት በምክር ቤት አሸባሪ ተብለው ተሰየሙ፤ በ2010 ስማቸው ተሰረዘ፣ ከዚያም መሪዎቻቸው ወደ አገር ገቡ። በ2013 ያ ሕግ ሲወጣ በሥልጣን ላይ ከነበሩት ዋነኛው ድርጅት፣ ሕወሓት፣ በተራው አሸባሪ ተባለ፤ በመጋቢት 2015 ተሰረዘ። በመካከል ስንት ሺህ ሰው እንዳለቀ ሁላችንም ቤታችን ያለ ሐዘን ነው፤ ብዙ አልልም። እኔ የማስተውለው አንድ ነገር ነው። ሥርዓቱ ሳይቀር ተመልሷል፤ ሽማግሌው ቀርቶ በምክር ቤት ድምፅ ሆነ እንጂ ያው መውጣትና ያው መግባት ነው። ታዲያ መጨረሻው ማስገባት ከሆነ፣ መጀመሪያ ላይ የሚያስገባ ቃል መምረጥ ለምን ይከብደናል?

ንግግሬን ከመጨረሴ በፊት ወሰን ተሻግሬ ኬንያ ልግባ። ሽፍታ የሚለው ቃል ከኛ አልፎ ወደ ደቡብ ሄዷል፤ እዚያ የደረሰበትን ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን አናውቅም። ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ፤ ቃሉ የኛ ነውና።

እንግሊዞች የኬንያን ሰሜናዊ ክፍል ሲገዙ የሰሜን ወሰን አውራጃ ብለው ለብቻው አጥረው ይዘውት ነበር፤ ዋጂር፣ ጋሪሳ፣ ማንዴራ፣ ሞያሌ፣ ማርሳቢት፣ ኢሲዮሎ። ከኢትዮጵያ በኩል ወሰን ጥሰው ለሚዘርፉ ታጣቂዎች ሽፍታ የሚለው ስም እዚያ ገባ። ነፃነት ሲቃረብ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 (ስለ ኬንያ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ የአካባቢውን ፍላጎት ያጣራው ኮሚሽን ሶማሊው ሕዝብ በብዛት ከሶማሊያ ጋር መቀላቀል እንደሚፈልግ አገኘ። ጥያቄው ግን አልተፈጸመም። በሰኔ 1963 የኢሲዮሎው አስተዳዳሪ ዳውዲ ዳባሶ ዋበራና የቦረናው አለቃ ሐጂ ጋልማ ዲዶ ተገደሉ። ኬንያ ነፃ የወጣችው ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ነው፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ በሰሜን ምሥራቅ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የተነሡትን ታጣቂዎች አዲሱ መንግሥት የጠራቸው ሽፍታ ብሎ ነው። ጦርነቱም እስከ ዛሬ በታሪክ የሚታወቀው የሽፍታ ጦርነት ተብሎ ነው።

አሁን የምለውን አስተውሉ። በአማርኛ ሽፍታ ስንል ውስጡ አንድ ጥያቄ አለ፤ ማን በደለው፣ ምን ተነጠቀ የሚል። ናይሮቢ ያ ጥያቄ ከቃሉ ውስጥ ወጣና ዘራፊ የሚለው ብቻ ቀረ። አንድ ሕዝብ ወደዚህ ልሂድ ወደዚያ ብሎ ያቀረበው የፖለቲካ ጥያቄ የከብት ሌብነት ጉዳይ ሆነ። በተዘጋጀ ባዕድ ቃል ስለተጠራ መልስ የሚያሻው አልመሰለም። በ1966 መንግሥት አርብቶ አደሩን በወታደር በሚጠበቁ ሰፈሮች አጎረው። ከብትና ግመል የግጦሽ ቦታ ካልዞሩ ያልቃሉ፤ አለቁም። የኢሲዮሎ ቦረና በመንጋው የታወቀ ሕዝብ ነበር፤ ከዚያ ሰፈር ሲወጣ ብዙው እጁን አጨብጭቦ ነበር። በጥቅምት 1967 በዛምቢያው ፕሬዚዳንት በካውንዳ ሸምጋይነት ኬንያና ሶማሊያ አሩሻ ላይ ተስማሙና ጦርነቱ ቆመ።

ቃሉ ግን አልቆመም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዝሆን የሚያድኑ ታጣቂዎች ሽፍታ ተባሉ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1989 የአንበሳ ወዳጅ የነበረው ጆርጅ አዳምሰን ኮራ ላይ ሲገደል የዓለም ጋዜጦች ገዳዮቹን የጠሩት በዚሁ የኛ ቃል ነው። ሰሜን ኬንያ ውስጥ የሚኖር ሶማሊ ወይም ቦረና ወጣት ናይሮቢ ሲገባ ሽፍታ ተብሎ መሰደቡ ለብዙ ዘመን የተለመደ ነበር። አያቱ የተዋጋ ይሁን አይሁን የሚጠይቀው የለም። ቃሉ የአንድ ሰው ድርጊት ስም መሆኑ ቀርቶ የአንድ ሕዝብ ስም ሆነ።

በ1970 የኬንያ ፓርላማ አንድ ሕግ አወጣ፤ በዚያ ጦርነት ዘመን በሰሜን ኬንያ የመንግሥት ሰዎች ለፈጸሙት ነገር ማንም እንዳይከሰስ የሚከለክል። ሽፍታ በተባለ ሰው ላይ የተደረገ ሁሉ ፍርድ ቤት እንዳይደርስ በሩ ተዘጋ። ሕጉ ለአሥርት ዓመታት ጸንቶ ቆየ። የእውነት፣ የፍትሕና የዕርቅ ኮሚሽኑ በ2013 ሪፖርቱን ሲያስረክብ የሽፍታ ጦርነት ምዕራፍ ነበረው፤ በመጋቢት 2015 ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ መንግሥት ባለፉት ዘመናት ለፈጸማቸው በደሎች በፓርላማ ፊት ይቅርታ ጠየቁ፣ ለተበዳዮች የሚውል አሥር ቢሊዮን ሽልንግ እንዲመደብም ተናገሩ። ተበዳዮቹ ካሳውን አሁንም እየጠየቁ ነው።

የኢሲዮሎ ሽማግሌዎች ያንን ዘመን የሽፍታ ጦርነት አይሉትም። በራሳቸው ቋንቋ ጋፈ ዳባ ይሉታል፤ ሁሉ ነገር የቆመበት ጊዜ ማለት ነው። እኛም ስለዚያ ታሪክ ስንጽፍና ስናስተምር ያንን ስም ብንጠቀም ደስ ይለኛል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይም በቤተሰባችሁ ሸፍቶ የገባ ሰው ታሪክ የምታውቁ፣ መድረኩ የናንተ ነው።